«አቅልል» ለምን ዓላማ? የዳግም ዘር ትምህርት ከጊምቢቹ የዘጠነኛ ክፍል አኳያ

ሁለት ተማሪዎች አንድ ጥያቄ ሠሩ እንበል። ጥያቄው ስፋቱ ግማሽ ካሬ ሜትር የሆነ ካሬ የአንድ ጎኑን ርዝመት ይጠይቃል። አንደኛው 1/√2 ሜትር ብሎ ጻፈ፤ ሁለተኛው √2/2 ሜትር ብሎ ጻፈ። ሁለቱም አንድን ርዝመት፣ ወደ 71 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋውን፣ ያመለክታሉ። በተለመደው አስተራረም ግን ሁለተኛው ሙሉ ነጥብ ሲያገኝ የመጀመሪያው «አልተቃለለም» ተብሎ ይቀነስበታል። ፈተናው የምርጫ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ተማሪው መልሱን ከአራቱ ምርጫዎች መካከል ፈልጎ ያጣዋል፤ «ተሳስቻለሁ» ብሎ በትክክል የሠራውን ይሰርዝና ሌላ ፊደል ያከብባል። ያጣው ነጥብ የሒሳብ ዕውቀቱን አይለካም። የሚለካው አንድ ሰው ከብዙ ዘመን በፊት ለአንድ ዓላማ ያወጣውን የአጻጻፍ ልማድ ማወቅ አለማወቁን ነው፤ ዓላማውን ግን ማንም አልነገረውም።

ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው «አቅልል» የሚለው ትእዛዝ ዓላማው ካልተነገረ ጎዶሎ ትእዛዝ መሆኑን ነው። የዳግም ዘር መግለጫ የሚቃለለው ለአንድ ነገር ነው፤ በእጅ ለማስላት፣ ለመደመር፣ ለማወዳደር ወይም የነገሩን ቅርጽ ለማየት። ለአንዱ ዓላማ ቀላል የሆነው መልክ ለሌላው ከባድ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በዘጠነኛ ክፍል መሰጠት ያለበት ችሎታ ከአንዱ መልክ ወደ ሌላው፣ ወደፊትም ወደ ኋላም፣ እያወቁ መሻገር ነው።

ጉዳዩን ከጊምቢቹ ማየት ያለ ምክንያት አይደለም። ጊምቢቹ የሀዲያ ዞን የሶሮ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአካባቢዋ የሚያድግ ልጅ የመጀመሪያዎቹን የትምህርት ዓመታት በሀዲይሳ ይማራል፤ አማርኛን በገበያና በመሥሪያ ቤት ይሰማል፤ ዘጠነኛ ክፍል ሲደርስ ሒሳብን የሚያገኘው በእንግሊዝኛ ነው። በመጽሐፉ የቁጥር ሥርዓት ምዕራፍ ውስጥ «ሲምፕሊፋይ» እና «ራሽናላይዝ» የሚሉ ትእዛዞች ይደጋገማሉ። የመጀመሪያው ቃል በቁሙ «አቅልል» ማለት ነው። ተማሪው √50ን አይቶ 5√2 ብሎ እንዲጽፍ ሲታዘዝ ግን አንድ ምልክት ብቻ የነበረው ነገር ቁጥርና ምልክት ተደራርቦበት ያገኘዋል። «ይህ በምን ቀለለ?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው የድንቁርና አይደለም፤ እንዲያውም በክፍለ ጊዜው ውስጥ ሊጠየቅ ከሚችለው ሁሉ የተሻለው ነው።

ስለ ቃሉ ጥቂት

አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ከብዙ ቋንቋዎች ያማረ ቃል አለው። አንድን ቁጥር በራሱ ማባዛት «ዳግም ርቢ» ይባላል፤ የተራባው ቁጥር መነሻ ደግሞ «ዳግም ዘር»። 25 የ5 ዳግም ርቢ ነው፤ 5 የ25 ዳግም ዘር ነው። ዘርቶ ያረባ ገበሬ ቃሉን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። በ9ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በባግዳድ የሠራው አል ኽዋሪዝሚ መነሻውን በዐረብኛ «ሥር» ብሎ ጠራው፤ የላቲን ጸሐፍት ይህንኑ በቋንቋቸው «ራዲክስ» አሉት፤ «ራዲካል» የሚለው ቃል የመጣው ከዚያው ነው። ዛሬ የሚታወቀውን √ ምልክት በታተመ መጽሐፍ ያስገባው ጀርመናዊው ክሪስቶፍ ሩዶልፍ ሲሆን ዘመኑም 1525 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ይህ ሁሉ የታሪክ ጌጥ ብቻ አይደለም። «ራዲካል» በጊምቢቹ ክፍል ውስጥ ድምፅ ብቻ ነው፤ የሚነካው ነገር የለም። «ዘር» ወይም «ሥር» ሲባል ግን ተማሪው የሚያውቀው ነገር ይመጣል፤ እንሰት የሚነቀልበትና የሚተከልበት አገር ልጅ ሥር ምን እንደሆነ አይነገረውም። መምህሩ የእንግሊዝኛውን ቃል ለፈተና ማስተማሩ ግዴታው ነው። ከዚያ በፊት ግን ተማሪዎች ሐሳቡን በሀዲይሳ እርስ በርስ እንዲነጋገሩበት አሥር ደቂቃ ቢተውላቸው፣ አሥሩ ደቂቃ ከጠፋው ጊዜ ሊቆጠር አይገባም።

ካሬ እና ጎን

በየከተማው የቤት ቦታ የሚነገረው በ«ካሬ» ነው። «ሁለት መቶ ካሬ አለው» ሲባል ሁሉም ይግባባል። ይህ የተለመደ አነጋገር ግን አንድ ወጥመድ አለበት፤ ካሬ የስፋት መለኪያም የቅርጽ ስምም ነው። ሁለት መቶ ካሬ የሆነ ቦታ 10 በ20 ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛ ካሬ ቅርጽ ከያዘ ደግሞ ጎኑ √200 ማለትም 10√2፣ ወደ 14 ሜትር ከ14 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። የመጀመሪያውን ቦታ ለማጠር 60 ሜትር አጥር ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን ለማጠር 40√2፣ ወደ 56 ሜትር ከ57 ሳንቲ ሜትር ይበቃል። ቆርቆሮ የሚገዛ ሰው ይህን ልዩነት በኪሱ ያውቀዋል።

የእርሻ መሬት ላይ ነገሩ ይበልጥ ይገለጣል። በብዙ የኢትዮጵያ አካባቢ ጥማድ የሚባለው መጠን፣ ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ ወደ ሩብ ሄክታር ይጠጋል። ካሬ ቅርጽ ያለው ሩብ ሄክታር መሬት 2500 ካሬ ሜትር ነውና ጎኑ 50 ሜትር ነው። ግማሽ ሄክታር ሲሆን ጎኑ √5000 ይሆናል። ይህን √5000 ብሎ ማቆየት ትክክል ነው፤ ስሕተት የለበትም። ሆኖም 50√2 ተብሎ ሲጻፍ አንድ ተጨማሪ ነገር ይናገራል፤ ይህ መሬት ከሩብ ሄክታሩ ጋር ያለውን ዝምድና። ሦስት አራተኛ ሄክታር 50√3፣ ሙሉ ሄክታር 50√4 ማለትም 100 ይሆናል። ስፋቱ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት እያለ ሲያድግ ጎኑ ግን √1፣ √2፣ √3፣ √4 እያለ በዝግታ ይከተለዋል። ማቃለል እዚህ ላይ ሥራ ሠራ፤ የተደበቀ ዝምድና አወጣ። ተማሪው «በምን ቀለለ?» ላለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ግማሽ ሄክታሩን የሚለካ ሰው √2ን ቶሎ ብሎ 1.4 ቢያደርገው ጎኑ 70 ሜትር ይወጣለታል። 70 በ70 ግን 4900 ነው። ከመሬቱ መቶ ካሬ ጠፋ፤ መቶ ካሬ ደግሞ ቤት የሚሠራበት ቦታ ነው። 70.7 ቢል የሚጎድለው ከሁለት ካሬ ሜትር ያንሳል። √2ን እስከ መጨረሻው ድረስ በምልክቱ ይዞ መቆየትና በመጨረሻ ብቻ ወደ አስርዮሽ መለወጥ ለምን እንደሚመከር ከዚህ የተሻለ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ይህ ምክር ብዙ ጊዜ እንደ ሥርዓት ይነገራል፤ እንደ ጉዳት መከላከያ ሲነገር ግን አይሰማም።

ስፋትን በእጥፍ ማሳደግ ጎንን በእጥፍ ማሳደግ አለመሆኑን የተረዱ ሰዎች የቆዩ ናቸው። ፕላቶ «ሜኖ» በተባለው ድርሰቱ ሶቅራጥስ ትምህርት ያልተማረ አንድ የቤት አገልጋይ ልጅን ሲጠይቀው ያሳያል። ጎኑ ሁለት ጫማ የሆነ ካሬ ስፋቱ አራት ነው፤ ስምንት እንዲሆን ጎኑ ስንት ይሁን? ልጁ በመጀመሪያ አራት ይላል፤ ስፋቱ አሥራ ስድስት ይሆንበታል። ቀጥሎ ሦስት ይላል፤ ዘጠኝ ይሆንበታል። በመጨረሻ ከማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን የተሰመረው መስመር ራሱ የተፈለገው ጎን መሆኑን ያያል። ልብ ሊባል የሚገባው ልጁ መልሱን በቁጥር አልተናገረም፤ ሊናገረውም አይችልም ነበር፣ ምክንያቱም ቁጥሩ በሙሉ ቁጥሮች ክፍልፋይ የማይጻፍ ነውና። በጣቱ ግን ሊያሳየው ቻለ።

በማቶኔላ ወለል ላይ

ልጁ የሠራውን ሥራ በጊምቢቹ የትምህርት ቤት ግቢ ለመሥራት አራት ካስማ፣ ሲባጎና የግንበኛ ሜትር ይበቃሉ። ጎኑ 5 ሜትር የሆነ ካሬ ይተከላል፤ ማዕዘኑ ቀጥ ማለቱ ግንበኞች በሚያውቁት መንገድ፣ በአንዱ ጎን 3 በሌላው 4 ሜትር ለክቶ መካከላቸው 5 መሆኑን በማየት ይረጋገጣል። ከዚያ ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ሲባጎ ይዘረጋል። ሜትሩ 7 ሜትር ከ7 ሳንቲ ሜትር አካባቢ ያነባል። በዚህ ሲባጎ ላይ አዲስ ካሬ ቢሠራ ስፋቱ 50 ይሆናል። √50 ማለት ይህ ሲባጎ ነው።

5√2ስ? እዚህ ላይ ወለሉ ራሱ ያስተምራል። ማቶኔላ በተነጠፈበት ወለል፣ ያ ከሌለ በጠመኔ በተሰመረ ሠሌዳ፣ አምስት በአምስት የሆኑ ትናንሽ ካሬዎች ይቆጠሩ። ከአንዱ ጥግ ወደ ተቃራኒው ጥግ የሚሄደው መስመር በአምስት ማቶኔላዎች ላይ ያልፋል፤ እያንዳንዱንም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ይሰነጥቃል። የአንዱ ማቶኔላ ጎን አንድ ቢባል የእያንዳንዱ ስንጥቅ ርዝመት √2 ነው። ስለዚህ ረጅሙ መስመር አምስት ጊዜ √2 ነው። ያው መስመር ስፋቱ 50 የሆነ ካሬ ጎን ነውና √50ም ነው። √50 = 5√2 የሚለው እኩልነት በወለሉ ላይ ተጽፎ ይታያል።

ከዚህ ወለል የሚወጣው ትርፍ እዚያ አያበቃም። የብዙ ተማሪዎች የታወቀ ስሕተት √50 + √18 ሲሰጣቸው √68 ብለው መጻፋቸው ነው። መምህሩ «አይደመርም» ይላል፤ ተማሪው ይሸመድዳል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ስሕተቱ ይመለሳል። በወለሉ ላይ ግን √18 የሦስት ማቶኔላዎች ስንጥቅ ነው፣ 3√2። አምስት ስንጥቅና ሦስት ስንጥቅ በአንድ መስመር ሲቀጣጠሉ ስምንት ስንጥቅ ነው፣ 8√2። ይህ ከ11 ማቶኔላ ጎን በላይ ይረዝማል። √68 ግን ከ8 ጎን ትንሽ ቢበልጥ ነው። ሦስት ማቶኔላ የሚያህል ርዝመት የት ጠፋ? የተማሪው ዓይን ራሱ ይቃወማል። ማቃለል ለመደመር የሚያስፈልግበት ምክንያት እዚህ ላይ ይገባል፤ √50 እና √18 በመልካቸው እንግዳ ይመስላሉ፣ ሲቃለሉ ግን ከአንድ ዘር መሆናቸው ይታወቃል።

ሆኖም ያው የተቃለለ መልክ ለሌላ ሥራ እንቅፋት ነው። ከ5√2 እና ከ4√3 የትኛው ይበልጣል? በዚህ መልካቸው ማንም በዓይኑ አይቶ አይፈርድም። ወደ ኋላ ሲመለሱ አንደኛው √50፣ ሁለተኛው √48 ነው፤ ፍርዱ አለቀ። «የተቃለለው» መልክ መልሱን ደብቆት ነበር፣ «ያልተቃለለው» አወጣው። በመማሪያ ክፍሎች ልምምዱ በአብዛኛው ከ√50 ወደ 5√2 ብቻ የሚሄድ በመሆኑ የመመለሻው መንገድ ሣር ይበቅልበታል።

ታህቱን ማጽዳት

«በታህት ላይ ራዲካል አይተውም» የሚለው ደንብ በዚህ ርዕስ ውስጥ ከሁሉም ጠንካራው ነው፤ ብዙ ነጥብ የሚቀነሰውም በእሱ ነው። ደንቡ ከየት መጣ? መልሱ እርሳስና ወረቀት ይዞ ለተቀመጠ ሰው ግልጽ ነው። √2 ወደ 1.414 እንደሚጠጋ የሚያውቅ ሰው 1/√2ን ለማስላት 1ን ለ1.414 ማካፈል አለበት፤ ረጅምና አድካሚ ማካፈል ነው። √2/2 ብሎ ከለወጠው ግን 1.414ን ለ2 ያካፍላል፤ 0.707 በአንድ ትንፋሽ ይወጣል። የዳግም ዘር ዋጋ ከሠንጠረዥ በሚነበብበት ዘመን ይህ ልማድ የብዙ ሰዓት ድካም ቀንሷል።

ካልኩሌተር በየእጁ ባለበት አገር አንዳንድ መምህራን ደንቡ ጊዜው ያለፈበት ነው ይላሉ። ይህ አስተያየት ለጊምቢቹ እንዳለ አይሠራም። የጊምቢቹ ተማሪ በስምንተኛ ክፍል የሠንጠረዥ አነባበብ ይማራል፤ ካልኩሌተር በማይገባበት የፈተና ክፍል ውስጥም በእጁ ያሰላል። ስልክ በኪሱ ቢኖር እንኳ ፈተናው በር ላይ ያስቀምጠዋል። ስለዚህ ደንቡ እዚህ ሕያው ምክንያት አለው፤ የሚያሳዝነው ምክንያቱ ሕያው በሆነበት ቦታ ምክንያቱ ሳይነገር መቅረቱ ነው። ተማሪው 1ን ለ1.414 አንድ ጊዜ በእጁ አካፍሎ፣ ቀጥሎ 1.414ን ለ2 ቢያካፍል ደንቡን ማንም ሊያስታውሰው አያስፈልግም ነበር።

ይሁን እንጂ ደንቡ ሕግ አይደለም። በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካልኩለስ ሲጀመር ያው ተማሪ ተቃራኒውን ይታዘዛል። የ√ሀን የለውጥ መጠን ለማግኘት (√(ሀ+ለ) − √ሀ)/ለ የሚለውን መግለጫ ይዞ ራዲካሉን ከላዕሉ አስወግዶ ወደ ታህቱ ያወርደዋል፤ 1/(√(ሀ+ለ) + √ሀ) ይሆንለታል። ለ ወደ ዜሮ ሲጠጋ 1/(2√ሀ) ላይ ይደርሳል፤ ራዲካሉ በታህቱ ላይ ተቀምጧል፣ ማንም ነጥብ አይቀንስም። ሦስት ዓመት «ኃጢአት» የነበረው ነገር በአንድ ጠዋት ትክክል ሆነ። ተማሪው ለምን ብሎ ቢጠይቅ ምን ይመለስለታል?

በእጅ ማስላትም ቢሆን ሁልጊዜ ደንቡን አይደግፍም። √1001 − √1000 ስንት ነው? በሁለት አስርዮሽ ቤት 31.64 ሲቀነስ 31.62፣ መልሱ 0.02 ይመስላል። ይህንኑ መግለጫ 1/(√1001 + √1000) ብሎ ገልብጦ 1ን ለ63.26 ያካፈለ ሰው 0.0158 ያገኛል። ትክክለኛው ይህ ነው፤ የመጀመሪያው ከሩብ በላይ ተሳስቷል። ሁለት በጣም የተቀራረቡ ቁጥሮች ሲቀናነሱ ትክክለኛ አኃዞቻቸው ተበልተው ይቀራሉና፣ ራዲካሉን በታህት መተው እዚህ ላይ ያተርፋል።

ወደ መነሻው ጥያቄ ሲመለሱ ደግሞ የሁለቱ ተማሪዎች መልስ የተለየ ሐሳብ እንደያዘ ይታያል። 1/√2 ያለው ተማሪ ስፋቱ ግማሽ የሆነ ካሬ ጎንን አስቧል። √2/2 ያለው የአንድ ማቶኔላ ስንጥቅ ግማሽን ጽፏል። ሁለቱ አንድ መሆናቸው በራሱ የሚያስደንቅ ነገር ነው፤ ማቶኔላውን በሁለቱም አቅጣጫ ሰንጥቀው ቢያዩት የስንጥቁ ግማሽ የግማሽ ስፋት ካሬ ጎን ሆኖ ይገኛል። ይህን ለማሳየት ሊውል የሚችል አጋጣሚ በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ ማለፉ ያስቆጫል።

ለተቃውሞው የሚገባ መልስ

የአንድ ወጥ መልክ ደጋፊዎች ቀላል የማይባል ክርክር አላቸው። ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል የእያንዳንዱን ወረቀት መልክ ማጣራት መምህሩን ያደክማል፤ ሁሉም በአንድ መልክ ከጻፉ እርማቱ ይፈጥናል። ብሔራዊ ፈተናም በምርጫ ነውና ተማሪው የፈተና አውጪውን መልክ ካላወቀ የሚጎዳው ራሱ ነው። ይህ ሁለተኛው በተለይ ሊናቅ አይገባም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህን ውጤት በራዲካል ላይ ማሳበብ ቀልድ ይሆናል፤ መንስኤው ብዙና ጥልቅ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ ነጥብ በሚቆጠርበት ዘመን ትክክል የሠራ ተማሪ በአጻጻፍ ምክንያት የሚያጣው ነጥብ ያሳስባል።

ስለዚህ መልሱ አንድ ወጥ መልክን መጣል አይደለም። ተማሪው መልኩን ይማር፤ ስምምነት መሆኑ ግን ይነገረው። በኢትዮጵያ ዘመን በሁለት አቆጣጠር ይጻፋል፤ ሰነድ የሚያዘጋጅ ሰው የትኛውን እንደተጠቀመ ይገልጻል እንጂ ሌላውን ስሕተት አይለውም። ራዲካልም እንዲሁ ነው። በምርጫ ፈተና ላይ የሚጠቅመው ችሎታ ደግሞ ደንቡን መሸምደድ ሳይሆን መሻገሪያውን ማወቅ ነው፤ 1/√2 ያገኘ ተማሪ ላዕሉንና ታህቱን በ√2 አባዝቶ ምርጫውን መፈለግ ከቻለ አይደነግጥም። ካልቻለ ደግሞ ሌላ መንገድ አለው፤ ሁለቱም ወደ 0.7 እንደሚጠጉ በግምት ማየት። ግምት በራሱ ትልቅ ዕውቀት ነው። ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ የሚገኝ፣ ዕድሜው ከ3500 ዓመት በላይ የሆነ የባቢሎን የሸክላ ጽላት ለ√2 ከአንድ ሚሊዮንኛ ያነሰ ስሕተት ያለበት ዋጋ ይዟል። ወደዚያ የሚያደርስ መንገድም ለዘጠነኛ ክፍል አይከብድም። √50ን ለመገመት ከ7 ተነሥቶ 50ን ለ7 ቢያካፍሉ 7.143 ይወጣል፤ የሁለቱ አማካይ 7.071 ነው። በአንድ እርምጃ ሦስት አስርዮሽ ቤት ትክክል ሆነ።

የእርማቱ ድካምም ከሚፈራው ያንሳል። ችግሩ ያለው በጥያቄው አጻጻፍ ነው። «√72ን አቅልል» ከማለት ይልቅ «√72ን የ√2 ብዜት አድርገህ ጻፍ» ቢባል መልሱ አንድ፣ 6√2፣ ብቻ ነው፤ እርማቱም ይፈጥናል፣ ተማሪውም የታዘዘውን ያውቃል። «6/√3ን ራሽናላይዝ አድርግ» ከማለት ይልቅ «√3 ወደ 1.732 እንደሚጠጋ ታውቆ የ6/√3ን ዋጋ ያለ ረጅም ማካፈል ፈልግ» ቢባል ተማሪው ራሱ ታህቱን ያጸዳዋል፤ 2√3 ብሎ 3.464 ይደርሳል። «5√2፣ 7 እና 4√3ን ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድር» ቢባል √48፣ √49፣ √50 ተሰልፈው ይመጣሉ፤ ተማሪው ያለ ማንም ትእዛዝ ወደ ኋላ መመለስን ይለምዳል። ዓላማው በተነገረበት ጥያቄ ውስጥ «አልተቃለለም» የሚል እርማት ቦታ አይኖረውም። ዓላማው ካልተነገረ ግን እኩል የሆነ መልስ ሁሉ ሙሉ ነጥብ ሊሰጠው ይገባል፤ ጠያቂው ያልጠየቀውን መልስ ሰጪው ሊቀጣበት አይገባምና።

ይህን ለመጀመር የመጽሐፍ ለውጥ መጠበቅ አያስፈልግም። በሆሳዕና የመምህራን ትምህርት ኮሌጅና ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ አሉ፤ ዕጩ መምህራን ለልምምድ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲወጡ የሚይዙት የትምህርት ዕቅድ ውስጥ ለዳግም ዘር ርዕስ አንድ ክፍለ ጊዜ በግቢ ውስጥ፣ በሲባጎና በካስማ፣ እንዲሠራ ማድረግ የአንድ ትምህርት ክፍል ስብሰባ የሚወስነው ጉዳይ ነው። በዚያው ስብሰባ ላይ ያለፉት የክፍል ፈተናዎች ተገልጠው «አቅልል» የሚለው ቃል ስንት ጊዜ ያለ ዓላማ እንደገባ ቢቆጠር ከሁሉ በፊት የሚጠቅም ሥራ ይሆናል። ለዚያም እርሳስና አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃሉ።